የቀዳዳው ልክ፦ ከበየዳ ቦይ እስከ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ

በተራራ ላይ የተዘረጋ የውኃ መስመር ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው ብዙ ጊዜ የቧንቧው ጥራት ሳይሆን መሀሉ ላይ የገባው ቫልቭ ልክ ነው። ቫልቩ ከሚፈለገው በላይ ሰፊ ከሆነ ውኃውን ለመግታት በጠባብ ስንጥቅ ብቻ እየተከፈተ ይሠራል፤ በዚያች ስንጥቅ የሚወረወረው ውኃም ብረቱን ይበላዋል። ከሚፈለገው በላይ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ቦኖ ላይ የተሰለፈው ሰው ጄሪካኑ ሳይሞላ ይመሽበታል። ቀዳዳን በልክ የማድረጉ ጥያቄ ቧንቧ ወደ አገር ከመግባቱ በፊትም ነበረ። በስሜን ተራሮችና በግርጌያቸው የጥያቄውን አመጣጥ ከቦይ እስከ ቫልቭ መከታተል ይቻላል።

በየዳ ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከጃን አሞራ ባሻገር የሚገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ድልይብዛ ነው። አካባቢው የኢትዮጵያ ጣሪያ የሚባለው ነው፤ ራስ ዳሸን 4,533 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መሬቱ ከ1,500 ሜትር በታች ወደሚገኘው የተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። በአንድ ወረዳ አካባቢ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። ተራራው ተደራርቦ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ይሰርግና ውኃ የማያሳልፍ ንብርብር ላይ ሲደርስ በገደሉ ጎን ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መንደሩ ከምንጩ በላይ ከሆነ ውኃው በሴቶችና በልጆች ጀርባ፣ አልያም በአህያ ሽቅብ ይጓዛል። ከምንጩ በታች ከሆነ ግን ውኃው ራሱ ይወርዳል፤ ሞተርም ነዳጅም አይጠይቅም። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ውስጥ የተዘጋ ውኃ በየ10 ሜትር ቁልቁለቱ 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። 200 ሜትር የሚወርድ መስመር ከታች ሲዘጋ 20 ባር ይሸከማል፤ በገጠር ውኃ ሥራ የሚዘረጋው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን እንደየዓይነቱ የሚችለው 6፣ 10 ወይም 16 ባር ነው።

ቧንቧ ሳይመጣ ውኃ በቦይ ነበር የሚሄደው፤ ቦይ ደግሞ ግፊት አያጠራቅምም። በአማራ ክልል ደጋ ለባህላዊ መስኖ ውኃ የሚያካፍለው ሰው የውኃ አባት ይባላል። ተጠቃሚዎቹ ከመካከላቸው የሚመርጡት፣ አድልዎ ያደረገ እንደሆነም የሚሽሩት ሰው ነው። ሥራው በየማሳው በር ተገኝቶ የቦዩን አፍ ማስከፈትና ማስዘጋት ነው። መዝጊያው ሣር የያዘ የአፈር ጓል ነው፦ ሥሩ አፈሩን ስለሚይዘው ውኃ ቶሎ አይበትነውም፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባል፣ ክፍተቱ በጭቃ ይመረጋል። ለመክፈት ጓሉ በዶማ ይነሣና ወደ ጎን ይደረጋል፤ ተራው ሲያልቅ ያው ጓል ተመልሶ ይገባል። ተራው የሚለካው በቀን ብርሃን ጥላ በጫማ እየተቆጠረ ነበር፤ የሌሊት ውኃ ደግሞ ለብቻው ይመደባል።

በዚህ አሠራር የቦዩ አፍ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ክርክር አያስነሣም። የተራው ባለቤት ውኃውን በሙሉ ይወስዳል፤ የሚለካው ጊዜው ነው። አካፋዩ ውኃውን በቀዳዳ ስፋት ከፋፍሎ ለአሥር ሰው በአንዴ ለመስጠት ቢሞክር፣ ከላይ ያለው ቀዳዳና ከታች ያለው ቀዳዳ ስፋታቸው እኩል ሆኖ እንኳ እኩል አያፈሱም ነበር። ገበሬው ቀመር ሳይጽፍ ቀዳዳን ብቻ መለካት እንደሚያሳስት ያወቀ ይመስላል፤ ቢያንስ ሥርዓቱን ያቆመው ከዚያ ስሕተት በሚያድን መንገድ ነው።

ጎንደር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አፄ ፋሲል ከተማይቱን እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ ከቀሐ ወንዝ አጠገብ የተሠራው የፋሲል መዋኛ ዓመቱን በሙሉ ባዶ ሆኖ ይቆይና ለጥምቀት ይሞላል። ውኃው ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ ይገባል። እዚህ የሚፈለገው ማካፈል ሳይሆን ገንዳውን ለበዓሉ ማድረስ ነው፤ መግቢያው ጠባብ ቢሆን ቀድሞ መጀመር ይበቃል፣ ጊዜ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። መዝጊያው ወይ ሙሉ ተከፍቶ ወይ ሙሉ ተዘግቶ ነው የሚቆመው። ዛሬ በውኃ ሥራ ማብሪያና ማጥፊያ የሚሆኑት ቫልቮችና ፍሰት የሚመጥኑት ቫልቮች ተለይተው ይታያሉ፤ የቀሐ ቦይ መዝጊያ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበር።

ቀዳዳን በልክ ሠርቶ ውኃን በዚያ ለመሸጥ የሞከረችው ጥንታዊት ሮም ናት። እ.ኤ.አ. በ97 የሮም ውኃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ ስለ ከተማዋ ውኃ በጻፈው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚፈቀደው የውኃ መጠን በነሐስ አፍ ይወሰን እንደነበር ይዘረዝራል። የነሐሱ አፍ ልኩ የታወቀ ሆኖ ማኅተም ይመታበታል፣ ከማከፋፈያው ግድግዳ ላይም ይገጠማል። ነሐስ የተመረጠው እንደ እርሳስ በቀላሉ ተደብድቦ ስለማይሰፋ ነው። ሌቦቹ ግን ዘዴ አላጡም። ከነሐሱ አፍ ቀጥሎ ሰፊ ቧንቧ ያያይዛሉ፤ ወይም አፉን ከተፈቀደው ዝቅ አድርገው ይገጥማሉ። ዝቅ ያለ አፍ የበለጠ ውኃ እንደሚስብ ፍሮንቲኑስ ራሱ ያውቅ ነበር። የሮም መለኪያ ግን የአፉን ስፋት እንጂ ከአፉ በላይ የቆመውን የውኃ ከፍታ አይቆጥርም ነበር። ዋና ከተማ በሙሉ ለረጅም ዘመን በዚህ ጎዶሎ መለኪያ ተዳደረች።

ከፍታው በሒሳብ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነት ከላዩ ካለው የውኃ ከፍታ ካሬ ሥር ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ከፍታው አራት እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የቀዳዳው የጎን ስፋት ሁለት እጥፍ ቢሆን ግን ፍሰቱ አራት እጥፍ ያድጋል። ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ ከፍታን አጥፍቶ በምትኩ ቀዳዳን ማስፋት ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚያመጣ ስሕተት ነው። የሜርኩሪ ባሮሜትርም የዚሁ ሰው ሥራ ነው። ያ መሣሪያ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ የተራራ ከፍታ ለመለካት በአውሮፓ ተጓዦች እጅ ስሜን ገባ፤ ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒየ እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ዳሸን ላይ ወጥተዋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ በስሜን እጅግ ያነሰ መሆኑ ለቫልቭ ምርጫ ምን እንደሚያመጣ ወደ ኋላ ይታያል።

ግፊት ያለው የቧንቧ ውኃ በኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀመረ። በ1870ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሸዋ የገባው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ተዳፋት ውኃ በብረት ቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት አወረደ። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ኮረብታ ላይ በመሆኑ ውኃው መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ለቦይ ሰው ይህ የማይታመን ነገር ነው፤ ለቧንቧ ግን ተራ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም እንጦጦ ከኮረብታው ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ውኃ ሠራተኛ የሚገጥመው አካል ሁለት ነው፦ ውኃውና በውስጡ የታመቀው ግፊት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ማርሻልታውን በተባለች ትንሽ ከተማ ቫልቭን በራሱ እንዲሠራ የሚያደርግ ሐሳብ ተወለደ። ዊልያም ፊሸር የከተማዋን ውኃ ማመንጫ ይቆጣጠር ነበር። ትልቅ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ እሳት አጥፊዎቹ ቧንቧ ሲከፍቱና ሲዘጉ ግፊቱ እንዳይወድቅ በእንፋሎት የሚሠሩትን ፓምፖች ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ሲያስተካክል አደረ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሥራውን ከሰው እጅ የሚረከብ የፓምፕ ግፊት ማስተካከያ ሠራ። ዛሬ በገጠር መስመር ላይ የሚገጠመው ግፊት መቀነሻ ቫልቭ የዚህ ዓይነት ሐሳብ ዘር ነው፦ ከፊቱ ያለው ግፊት ቢጨምርም ቢቀንስም ከኋላው ያለውን በተወሰነ ልክ ለመያዝ ራሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እንዲህ ያለው ቫልቭ ሲበዛ የሚሸጡት ኩባንያዎች አንድ የጋራ ቁጥር አስፈለጋቸው። ሁለት ቫልቮች የቧንቧ አፋቸው እኩል ሆኖ ውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ውኃ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ በሌላው ሁለት ጊዜ ይጠማዘዛል። ሜሶኒላን የተባለው አሜሪካዊ አምራች እ.ኤ.አ. በ1944 የፍሰት መለኪያ ቁጥር አወጣ፤ ቫልቩ ሙሉ ተከፍቶ በ1 ፒኤስአይ የግፊት ልዩነት በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚያሳልፍ የሚናገር ቁጥር ነው። ሲቪ ይባላል። አውሮፓውያን ያንኑ ሐሳብ ወደ ሜትሪክ መልሰው ኬቪ አሉት፦ በ1 ባር የግፊት ልዩነት በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ። በሮም የነሐስ አፍ ተለያይተው የነበሩት ስፋትና ግፊት በአንድ ቁጥር ውስጥ ተገናኙ። ፍሰቱ የሚገኘው ኬቪውን በግፊት ልዩነቱ ካሬ ሥር በማባዛት ነው፤ ከቶሪቼሊ የተወረሰው ካሬ ሥር እዚህም አለ።

ቁጥሩ ግን ወደ ኢትዮጵያ ከቧንቧው ጋር አብሮ አልገባም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጎንደርን የአስተዳደር ማዕከል አድርገው ፒያሳውን ሲሠሩ፣ ሊማሊሞን ቆርጠው መንገድ ወደ ሰሜን ሲያወጡ፣ በየከተማው የብረት ቧንቧና የኢንች ልኬት አስለመዱ። ባለ ሁለት፣ ባለ አንድ ተኩል፣ ባለ አንድ ኢንች የሚለው አነጋገር በሙያው ሰው አፍ ቀረ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ዕቃን የሚያውቀው በአፉ ስፋት ሆነ። አዲስ አበባ ከገፈርሳ ግድብ በ1940ዎቹ፣ ከለገዳዲ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ውኃ አገኘች፤ ጎንደር በ1980ዎቹ የአንገረብ ግድብ ተሠራላት። በእነዚህ ሥራዎች የቫልቩ ልክ በአማካሪ መሐንዲሶች ወረቀት ላይ ተሰልቶ ስለሚመጣ የቧንቧ ሠራተኛው ድርሻ መግጠም ብቻ ነበር። ስሌቱ ከመሐንዲሱ ጽሕፈት ቤት አልወጣም፤ ልማዱ ግን ከሠራተኛው ጋር ወደ ገጠር ወረደ።

የገጠሩ ተራ የመጣው ዘግይቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያለውን የመጠጥ ውኃ አሥርት ብሎ ሰይሞ ነበር፤ ያ አሥር ዓመት ግን ለሰሜን ኢትዮጵያ የረሀብና የጦርነት ዘመን ሆነ። በአማራ ክልል በሰፊው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የገጠር ውኃና የአካባቢ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ2003 ወዲህ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ወደ ውኃ ኮሚቴው የሚደርስበት አሠራር ተዘረጋ፤ በ2011 የተጀመረው ኮዋሽ የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ ወደ ሌሎች ክልሎች ወሰደው። አገሪቱም በ1999 የውኃ ሀብት አያያዝ ፖሊሲዋን አወጣች። የኮሚቴው አሠራር ለባለቤትነት ስሜት ብዙ ጠቅሟል፤ ዕቃውን የሚገዛው፣ ጠባቂውን የሚቀጥረው፣ ለጥገና የሚያዋጣው የመንደሩ ሰው ነው። በዚያው ልክ የቫልቭ ልክ የመምረጡ ጉዳይ ወደ ሱቅ ባንኮኒ ወረደ። በገበያ ዝርዝሩ ላይ «ቫልቭ፣ 2 ኢንች» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሱቁ ያለውን ባለ 2 ኢንች ይሰጣል። ኬቪ የሚባል ነገር ማንም አይጠይቅም፤ በሳጥኑ ላይ ቢታተምም ማንም አያነበውም።

ቧንቧው 2 ኢንች ከሆነ ቫልቩም 2 ኢንች ይሁን የሚለው ልማድ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ከምንጭ ተነሥቶ 110 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ባለ 2 ኢንች መስመር ይታሰብ፤ በሴኮንድ 2 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 7.2 ሜትር ኩብ ያወርዳል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ በዚያ ልክ ሌሊትና ቀን ቢጠራቀም ይህ ፍሰት 6,900 ለሚሆን ሰው ይበቃል። በቧንቧው ግድግዳ የሚጠፋው ለቀላልነት ቢተው መስመሩ ግርጌ ላይ 11 ባር ይደርሳል። ለቦኖዎቹ 2 ባር ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ ቫልቩ 9 ባር ማጥፋት አለበት። የ9 ካሬ ሥር 3 ነው፤ 7.2 ለ3 ሲካፈል 2.4 ይሆናል። የሚያስፈልገው ኬቪ ይኸው 2.4 ነው።

የተለመደ ባለ 2 ኢንች መቆጣጠሪያ ቫልቭ ኬቪው 40 ገደማ ነው። ከሚፈለገው ከ16 እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ በ6 በመቶ አቅሙ ይኖራል። በሱቁ ሰው ዓይን ቫልቩ ትልቅና ጠንካራ ነው። በውስጡ ግን መዝጊያው ከመቀመጫው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተነሥቶ ይንቀጠቀጣል። ግፊቱ ትንሽ ሲለወጥ ይዘጋል፣ ወዲያው ይከፈታል፤ ይህ በቀን ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተፈታ መዝጊያ ሲታይ በነሐሱ ላይ ቀጭን ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተቦርቡሮ ይገኛል፤ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ነው። ከዚያ በኋላ ቫልቩ ቢዘጋም አይገታም። ሌሊት ቦኖው ሁሉ ሲዘጋ ግፊቱ በዚያ ጭረት ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ቧንቧም ሲነጋ ፈንድቶ ይገኛል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በቧንቧው ይሳበባል።

ባለ 1 ኢንች ቫልቭ ኬቪው ወደ 10 ይጠጋል፤ 2.4 ለሱ ሩቡ ያህል ነው፣ በዚህ ልክ መዝጊያው ተረጋግቶ መሥራት ይችላል። ግማሽ ኢንቹ 4 ያህል አለውና በኬቪ ብቻ ቢታይ እሱ ይሻላል። ሆኖም 2 ሊትር በሴኮንድ በግማሽ ኢንች አፍ ለማለፍ በሴኮንድ 11 ሜትር መሮጥ አለበት፤ ይህ ፍጥነት ብረት ይጨርሳል። በባለ 1 ኢንቹ ፍጥነቱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፤ ለቫልቭ የሚፈቀድ ነው። ምርጫው እዚህ ላይ 1 ኢንች ይሆናል። ቧንቧው 2 ኢንች ሆኖ ይቀራል፤ ከቫልቩ ፊትና ኋላ አንድ አንድ መቀነሻ ይገባል። ለዓይን የማያምር፣ ለልማድ እንግዳ የሆነ፣ ለውኃው ግን ትክክል የሆነ አገጣጠም ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ 11 ባርን በአንድ ቫልቭ ወደ 2 ባር ማውረድ ራሱ አደጋ አለው። ውኃው በጠባቡ ስንጥቅ ሲሮጥ በዚያ ቦታ ግፊቱ በጣም ይወድቃል፤ ወደ እንፋሎት መለወጫው ከደረሰ ሳይሞቅ ይፈላል፣ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል። አረፋዎቹ ከስንጥቁ አልፈው ግፊቱ ሲመለስ ይፈርጣሉ፤ በፈረጡበትም ቦታ ብረቱን ይቦጫጭቁታል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ድምፁ ጠጠር በቧንቧ እንደሚንከባለል ነው። የባሮሜትሩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ያህል ነው፤ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ 7.3 ሜትር ያህል ይቀራል፣ ራስ ዳሸን አናት ላይ ደግሞ ከ6 ሜትር በታች ነው። በደባርቅ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። በሜዳ አገር ለሚገጠም ቫልቭ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በስሜን ላይ እንዳለ ሲነበብ ለአረፋው የሚተወው መጠባበቂያ ይሳሳል፤ በተለይ ቫልቩ ወደ ክፍት ማጠራቀሚያ የሚያፈስ ከሆነ ልዩነቱ ሲሦ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የአምራቹ ስሕተት አይደለም፤ ሠንጠረዡ ለማን እንደተጻፈ የማየት ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ማካፈል ነው። አንዱ ቫልቭ 11ን ወደ 5፣ ሌላው 5ን ወደ 2 ባር ቢያወርድ ሁለቱም ከሦስት እጥፍ ያነሰ ሥራ ይደርሳቸዋል፤ ብዙ አምራቾች የሚመክሩትም ከዚያ እንዳይበልጥ ነው። ኬቪአቸው 2.9 እና 4.2 ስለሚሆን ሁለቱም ባለ 1 ኢንች ቫልቮች ናቸው። ሌላው መንገድ የበለጠ ቀላልና ለበየዳ ዓይነት አገር የተሻለ ነው፦ በቁልቁለቱ መካከል ትንሽ የሲሚንቶ ገንዳ መሥራት። ውኃው ገንዳው ውስጥ አየር ሲያገኝ የተጠራቀመው ግፊት ሁሉ ይጠፋና ከዚያ በታች እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል። ገንዳው የሚሰበር ነገር የለውም። ብቸኛው ተንቀሳቃሽ አካል መግቢያው ላይ ያለው ባለ ተንሳፋፊ ኳስ ቫልቭ ነው፤ እሱም የራሱ ልክ አለው። ብዙ ጊዜ የሚረሳውም የእሱ ልክ ነው፦ ገንዳ ላይ የሚገጠም ኳስ ስለሆነ ብቻ እንደ መጸዳጃ ቤት ዕቃ ይቆጠራል። 100 ሜትር ቁልቁለት በላዩ ላይ ያለ ተንሳፋፊ ቫልቭ ግን 10 ባር ይሸከማል፤ ክንዱ አጭር ኳሱ ትንሽ ከሆነ ውኃው ገንዳውን ሞልቶ በትርፍ መውጫው ሲፈስ ያድራል።

ትልቅ ቫልቭ ሌላም ጣጣ አለው። ቶሎ ይዘጋል፤ ወይም ይበልጥ በትክክል፣ ውኃውን የሚገታው በመዝጊያው ጉዞ መጨረሻ ላይ በድንገት ነው። ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውኃ መስመር ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳተመው ሥራ ይህን በቁጥር አስቀመጠው፦ በብረት ቧንቧ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውኃ ድንገት ቢገታ ከ10 ባር የሚበልጥ ምት ይፈጠራል። ፕላስቲክ ስለሚለጠጥ ምቱ ወደ 3 ወይም 4 ባር ይወርዳል፤ ይሁንና ቀድሞ 9 ባር በተሸከመ ባለ 10 ባር ቧንቧ ላይ የሚበቃ ጭማሪ ነው። በልኩ የተመረጠ ቫልቭ ፍሰቱን በጉዞው ሁሉ እያሳነሰ ስለሚሄድ ለጠባቂው እጅም ለቧንቧውም ይራራል።

የቀንና የሌሊት ፍሰት መራራቅም ልኩን ያወሳስበዋል። በከተማ፣ ለምሳሌ በደባርቅ ወይም በዳባት፣ ጠዋት ሁሉም ሲከፍትና እኩለ ሌሊት ሁሉም ሲዘጋ ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለጠዋቱ የተመረጠ ቫልቭ ሌሊት እንደገና በስንጥቅ መኖር ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ከትልቁ ጎን ትንሽ ቫልቭ በማለፊያ መስመር መግጠምና ትንሹን ትንሽ ከፍ ባለ ግፊት ማስተካከል ነው፤ ሌሊት ትንሹ ብቻውን ይሠራል፣ ጠዋት ግፊቱ ሲወድቅ ትልቁ ይከፈታል። ቦኖ ብቻ ላላት የገጠር መንደር ይህ አያስፈልጋትም። ቦኖዋ በሰዓት ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ፍሰቱ ወይ አለ ወይ የለም፤ በዚህ ረገድ ከውኃ አባቱ ተራ ብዙ አልራቀችም።

ለወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያም ሆነ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የግዢ ዝርዝሩን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ከኢንቹ ጎን ሦስት ቁጥሮች ቢጻፉ ይበቃል፦ ከፍተኛው ፍሰት፣ ከቫልቩ ፊት ያለው ግፊት፣ ከኋላው የሚፈለገው ግፊት። ፊት ያለው ግፊት በከፍታ መለኪያ፣ ፍሰቱም በባልዲና በሰዓት በአንድ ጠዋት ይለካሉ፤ የኋላውን ቦኖው ይወስነዋል። በምሳሌው መስመር ላይ ከዚህ የሚገኘው መልስ ሁለት ባለ 1 ኢንች ቫልቮችና አራት መቀነሻዎች ናቸው። በብረቱ ክብደት ሁለቱ ባለ 1 ኢንች ቫልቮች አንድ ላይ ከአንዱ ባለ 2 ኢንች ያንሳሉ።